ስለ ዲግሪያችሁ ዋጋና ስለ ባለ ስልኳ ጣቶች

ለተከበሩ የመምህራን ኮሌጁ ዲን፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ፤ በተለይም ዓይንዎ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ኮሌጅዎ በዓይን ያልታየ ነገር ሁሉ የለም ብሎ እንደሚያምን በቅርቡ በማኅተም አረጋግጦልናልና፣ ዓይንዎን አንዳች ነገር ቢነካው የተቋሙ ዕውቀት በሙሉ አብሮ እንዳይጠፋ ከልቤ ስለምሰጋ ነው።

እኔ ከኮሌጅዎ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቅሁ፣ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓይነ ስውራን ልጆችን የማስተምር መምህር ነኝ። ብዕር ያስነሳኝ ባለፈው ወር ለየትምህርት ቤቱ የበተናችሁት «የትኛው ዲግሪ ያዋጣል?» የሚል ባለቀለም መምሪያ ነው። መምሪያው መደበኛውን፣ የቅዳሜና እሑዱንና የርቀቱን ዲግሪ በክፍያ፣ በጊዜና በጥቅም እያነጻጸረ በሠንጠረዥ ካስቀመጠ በኋላ፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ የቀድሞ ተመራቂዎች አስተያየታቸውን እንዲልኩ በትሕትና ይጋብዛል። ግብዣ አክባሪ ነኝና እነሆ አስተያየቴ።

አንደኛ፦ የመምሪያችሁን ሽፋን በብሬል ስላስጌጣችሁ አመሰግናለሁ። ነጥቦቹ ወርቃማ ናቸው፤ አሰላለፋቸውም ያምራል። አንዲት ትንሽ ጉድለት ብቻ አለችባቸው፤ በቀለም ስለታተሙ እንደ መስታወት ልሙጥ ናቸው። ሽፋኑን ከክፍሌ ልጆች ሁሉ በንባብ ለምትበልጠው፣ በክርክር አፍቃሪነቷ ጓደኞቿ «ጠበቃ» ለሚሏት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሰጠኋት። ዳበሰችው፣ ገለበጠችው፣ እንደገና ዳበሰችውና «ቲቸር፣ ይሄ ምንም አይልም እኮ፤ ሳይጽፉበት ነው እንዴ የላኩት?» አለችኝ። ተጽፎበታል፣ ግን በቀለም ነው አልኳት። «ታዲያ ለማን?» አለች። ጥያቄውን ለእርስዎ አስተላልፌዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ክፍያን በተመለከተ፣ በሠንጠረዣችሁ የቅዳሜና እሑዱ ዲግሪ «ተመጣጣኝ» ተብሏል። እኔ የዚያው ዲግሪ ባለቤት ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜዬንና እሑዴን ለእናንተ ስለገበርኩ፣ ትልቋ ልጄ አባት የሚባል ፍጥረት ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ የሚኖር ይመስላት ነበር። ይህ በየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ባላውቅም፣ በጥቅም በኩል ግን አንድ የማይካድ ነገር አለ፤ ባለቤቴ ዲግሪውን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ውስጥ ከሰቀለችው ወዲህ የግድግዳችን ስንጥቅ አይታይም። እባክዎ በሚቀጥለው እትም ይመዝገብልኝ።

ስለ ትምህርቱ ጥራት የጻፋችሁትንም አንብቤአለሁ። የብሬል ኮርስ የወሰድኩት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው፤ መምህራችን ስድስት ክቦች በጠመኔ ሥለው «ይህ ብሬል ይባላል» አሉን። ብሬል የሚወጋበት የብረት ሰሌዳና መውጊያው በኮሌጁ አልነበረም እንዳልል ነበረ፤ ንብረት ስለሆነ በመስታወት ቁም ሣጥን ተቆልፎበት፣ ቁልፉ ደግሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ዘንድ፣ ኃላፊው ደግሞ ዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ፈተናው ምርጫ ሲሆን፣ አንደኛው ጥያቄ ብሬል ስንት ነጥብ አለው የሚል ነበር። ስድስት ብዬ «ኤ» አገኘሁ።

በዚህ «ኤ» ታጥቄ ክፍል በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ ለልጆቹ የእንኳን ደህና ቆያችሁኝ ጽሑፍ በብሬል ወግቼ አደልኩ። ብሬል በሰሌዳ ሲወጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሆነና ወረቀቱ ተገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ እንደ ቀለም ጽሑፍ ከግራ ጀምሬ ስለወጋሁት ሁሉም ነገር ተገላብጦ ወጣ። አሥራ አንድ ልጆች በጣታቸው ፈልገው ፈልገው አንድም ቃል ሲያጡ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት «አይዟችሁ፣ አዲሱ መምህራችሁ በሌላ አገር ፊደል ሰላም ብሏችኋል» ብላ ከመዋረድ አዳነችኝ።

ሦስተኛ፦ ይህችን ሴት ላስተዋውቅዎ። ልጆቹ እትዬ ይሏታል፤ እኛ አስተማሪዎቹ ደግሞ ባለ ስልኳ እንላታለን። ከአምስት ዓመቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር ናት። የትምህርት ቤቱ ስልክ አገናኝ ሆና ተቀጥራ፣ ሰው ሁሉ የእጅ ስልክ ሲይዝ ሥራ ፈትታ መቀመጡ ስለከበዳት ከልጆቹ ጋር መዋል ከጀመረች እነሆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆናት። በመዝገብ ላይ ረዳት ትባላለች፤ ማን ማንን እንደሚረዳ ግን ክፍሉ ያውቀዋል። አሥራ አንድ ልጅ በአንድ ጊዜ ሲወጋ እሷ መሐል ቆማ ታዳምጥና፣ በድምፁ ብቻ «አንተ፣ አንድ የፊደል ቤት ዘለልክ» ትላለች። ሁልጊዜም ልክ ናት። በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን ከክፍል ስንወጣ «ወንድሜ፣ አንተ ዲግሪ አለህ፣ እኔ ጣት አለኝ፤ አንድ ላይ ብናደርጋቸው አንድ መምህር አይወጣቸውም?» አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ ያወቅሁት ከእሷ ነው፤ የከፈልኩት ግን ለእናንተ ነው።

አራተኛውን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ እጄን አንስቼ መልሼ አስቀምጫለሁ፤ ቢሆንም ልጻፈው። ዲግሪ የሌለው ሰው ከዚህ ወር መጨረሻ በኋላ ክፍል ውስጥ እንዳይቆም መመሪያ ወጥቷል። ረጅም አገልግሎት ያለው ሰው ግን ልምዱ በእናንተ ተመዝኖ እንዲቀጥል ይፈቀዳል። መምሪያችሁም በሰባተኛው ገጽ «ማመልከቻ በብሬል እንቀበላለን» ይላል። ይህንን አንብቤላት፣ ለማንኛውም እኔ በቀለም ልጻፍልሽ ብላት በጄ አላለችም። «የማመለክተው እኮ ዓይነ ስውር የሚያስተምሩ መምህራንን ለሚያስተምሩ ነው። ፊደሌን ካላወቁ እኔን በምን ሊመዝኑኝ ነው?» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተቀመጠች አራት ገጽ ወጋች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «አመልካቿ ያቀረቡት ወረቀት ባዶ ሆኖ በመገኘቱ ማመልከቻው ውድቅ ሆኗል። ወደፊት የተጻፈበት ወረቀት እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።» ይህን የፈረመ ሬጅስትራሩ ብቻ ቢሆን ይሁን እል ነበር፤ ከሥሩ ግን የልዩ ፍላጎት ትምህርት ክፍል ኃላፊው ፊርማ፣ ከነዶክተርነታቸው፣ አለ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ የእናንተዎቹ ደግሞ በመጽሐፉ ላይ ማኅተም መቱበት። ማኅተሙ በኃይል ስለተመታ ሁለት መስመር ጨፍልቋል፤ የአገልግሎት ዘመኗን የጻፈችበትን። አራተኛው ገጽ ጭራሽ አልተመለሰም። ባዶ ወረቀት ስለሆነ ለሌላ ሥራ ውሎ ይሆናል።

ደብዳቤያችሁ በቀለም የተጻፈ ስለነበር ያነበብኩላት እኔ ነኝ። ወረቀቷን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች በጣቷ ሄደችበት። ስትጨርስ «አለ እኮ፤ እኔ ደግሞ ተሳስቼ ባዶ ወረቀት የላክሁ መስሎኝ ደንግጬ ነበር» አለች። ክቡር ሆይ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የልጆችን ስህተት በጆሮዋ ስታርም የኖረች ሴት፣ እናንተ ማንበብ ስላልቻላችሁ የገዛ እጇን ጠረጠረች። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ያፈርኩትም በዲግሪዬ ነው።

ስለዚህ የምለምንዎ ነገር ጥቂት ነው። ወሩ ሊያልቅ አምስት የሥራ ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ባለ ስልኳ የምትመለሰው መስመሩ ከተቆረጠ ሦስት ዓመት ወዳለፈው የስልክ ክፍል ነው፤ አሥራ አንዱ ልጆች ደግሞ ለእኔ ይቀራሉ። እባክዎ ያስመዝኗት። መዛኝ ካጡ፣ የእኔን ዲግሪ ከግድግዳዬ አውርጄ በእሷ ስም እንዲለውጡልኝ ለማምጣት ዝግጁ ነኝ፤ ስንጥቁ ይታይ፣ ግድ የለም።

ብሬል ስድስት ነጥብ እንዳለው በአምስት ዓመት ያስተማረኝን ታላቅ ተቋም እያመሰገንኩ፣ በጎ ውለታችሁን ለዘለዓለም የማልረሳ፣ በወረቀት የእናንተ ምሩቅ፣ በሥራ ግን የባለ ስልኳ ተማሪ፣

የአሥራ አንዱ ልጆች መምህር

ተጨማሪ ማሳሰቢያ፦ ባለ ስልኳ አራቱንም ገጽ እንደገና ወግታዋለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። በኮሌጁ የሚያነበው ሰው ከጠፋ የሁለተኛ ክፍሏን «ጠበቃ» ይዣት እመጣለሁ፤ ለጀማሪዎች ቀስ ብላ ማንበብ እንደምትችል ንገራቸው ብላኛለች። እስከዚያው እንዳይጓጉ፣ ባዶ ያላችሁት ወረቀት የመጀመሪያ መስመር የሚለውን እኔው ልንገርዎ፦ «ማመልከቻዬን በብሬል ለመቀበል ፈቃደኛ ስለሆናችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።»