«በቅርቡ» የምትለው ቃል

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሌላ አልጎደለብኝም። ይህን የምጽፍልሽ ከቢሮ ነው። አባትሽ ከአለቃችን ጋር ስብሰባ ገብቷል። ሳይመለስ ልጨርስ ብዬ እየተጣደፍኩ ስለሆነ በጽሕፈቴ አትታዘቢኝ።

መዝገበ ቃላቱ ገና አላለቀም። አሁን የያዝነው «በቅርቡ» የምትለውን ቃል ነው። አሠራራችንን ታውቂዋለሽ፤ አባትሽ አሮጌዎቹን ጋዜጦችና መጽሔቶች እየገለጠ ቃሏ ያለችበትን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ያነባል፣ እኔ ካርድ ላይ እጽፋለሁ። በድሮዎቹ ጥራዞች ብዙውን ጊዜ የምትነገረው ስላለፈ ነገር ነው፤ «በቅርቡ ከውጭ የገባ ጨርቅ» ይላሉ። ወደ እኛ ዘመን ስትጠጋ ግን ተስፋ መስጠት ለመደች። አንድ ሲኒማ ቤት «በቅርቡ ይከፈታል» ተብሎ ይታወጃል፤ ጥራዙን ብንጨርስ፣ ቀጣዩን ብንገልጥ፣ አሁንም በቅርቡ ነው። ማስታወቂያው ላይ የምትስቀው ሴት ጥርሷ ደረቀ እያልን ስንቀልድ ከረምን።

ካርድ ሳጥን ከመግባቱ በፊት ከገጹ ጋር ይመሳከራል። ሰሞኑን አንድ ቀን ላመሳክር ተቀመጥኩ። «አዲሱ የልብስ ስፌት መኪና በቅርቡ ይደርሳል» የሚል ካርድ ነበር። ገጹን ባየው የጫማ ማስታወቂያና የቃላት ጨዋታ ብቻ። ወደ ፊት ገለጥኩ፣ ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ የለም። ሌላ ካርድ አነሳሁ፤ እሱም የለም። ልጄ፣ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ከሰው የሚኳረፈው አባትሽ ያላየውን ሲያነብልኝ ከርሟል። ጋዜጦቹ እንዴት እንደሚናገሩ አብጠርጥሮ ስለሚያውቅ አንዴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ጮኸብኝ። ከዚያ በሩን ዘጋና ተቀመጠ።

«ግራ ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል» አለኝ። «ቀኙም እየተከተለው ነው።»

«ምነው ሳትነግረኝ?»

«ብነግርሽ ምን ልታደርጊ? ለልጅቷ ትንፍሽ እንዳትዪ! ሥራዋን ጥላ ትመጣለች።»

እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሙ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም በቅርቡ ይጠፋል አለን። «መቼ ማለትዎ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። አባትሽ ጠዋት ጠዋት ፎቶሽን መስኮቱ ጋ ወስዶ ወደ ብርሃኑ ያዘነብለዋል፤ እኔ ስገባ አቧራ የሚጠርግ ይመስላል።

አንቺም በስልክ ስንጠይቅሽ «በቅርቡ እመጣለሁ» ትይናለሽ። አልተቀየምኩሽም፣ የሰው አገር ሥራ እንዴት እንደሚይዝ አውቃለሁ። ግን ፈራሁ፣ ልጄ። ድምፅሽን መቼም ይሰማዋል። ፊትሽን ነው የምፈራው። እባክሽ ቀን ቁረጪልኝ። ያቺን ቃል ተይና ቀኑን ብቻ ጻፊልኝ።

ከክፉ ይጠብቅሽ፤ የያዝሽው ይቅናሽ፤ መንገድሽ ጨርቅ ይሁንልሽ።

የምትሳሳልሽ እናትሽ

ሳላሽገው አባትሽ ደረሰብኝ። «ለልጅቷ ነው? እስቲ አምጪው» ብሎ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደ። ወደ መስኮቱ ዞሮ መነጽሩን ጠረገ፤ ከላይ እስከ ታች ሲያየው ቆየና መለሰልኝ።

«ጎሽ» አለኝ። «እንኳንም ስለ ዓይኔ አላነሳሽ።»