ደንገጎ ላይ ያልተጠጣው ውሃ

ውድ ወንድሜ ሣህሉ፣

ትናንት ማታ አልጋችን ላይ የተኛሁት ግድግዳውን ተጠግቼ ነው። መጥተህ «ዋሪያ ተሰማ፣ ጠጋ በል» ትለኛለህ ብዬ ቦታህን አልነካሁትም። ቀብርህ ላይ ቆሜ ነበር፤ አፈሩ ሲወርድም አይቻለሁ። ግን አሁንም አልገባኝም። ከድሬ በእግሩ ተነስቶ ሐረር ሳይደርስ የሚሞት ሰው አለ? ያውም አንተ?

ሐሳቡ የራስህ ነበር። የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር በድርቅ ለተጎዱት እህል ይዋጣ ሲል፣ አንተ ተነስተህ ዝም ብሎ ስጡ ከማለት እኔና ጓደኛዬ በድሩ ሐረር ድረስ በእግራችን እንሂድ፣ ሰፈሩም ለተራመድነው ለእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር አንድ ጣሳ ማሽላ ይስጥ አልክ። የለገሃሬ ሰፈር ሁሉ ሳቀባችሁ። የጣቢያው ዘበኛ ሃሺ፣ ባቡሩ እንኳን የደንገጎን ዳገት ፈርቶ በሌላ በኩል ዞሯል፣ እናንተ ማን ናችሁ ብሎ ቀለደ። ግን ቃል ያልገባ ቤት አልነበረም። ሃሺ ራሱም ቃል ገባ።

የምትሄዱበት ቀን ሲደርስ ረመዳን ገብቶ ነበር። እማዬ ኮዳህን ሞልታ ስትሰጥህ ደፍተህ ሚስማሩ ላይ ሰቀልከው። በድሩ እየጾመ እኔ ፊቱ ውሃ አልጠጣም አልካት። እሷም በበዓለ ሃምሳ የምን ጾም ነው፣ ቄሱ ቢሰሙ ይገዝቱሃል ብላ ሳቀች። ያ ሳቋ አሁን ትዝ ባላት ቁጥር አፏን በነጠላዋ ትይዛለች።

ኮዳውን አውርጄ እስከ አስፋልቱ ተከተልኩህ።

«አቦ መልሰው» አልከኝ። «ሐረር ገብተን ከበድሩ ጋር አብረን እናፈጥራለን።»

ከአፍህ የሰማሁት የመጨረሻው ይኼ ነው። ከቀትር በኋላ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ደጃችን ቆመ። በድሩ ራስህን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሸሚዝህ ርጥብ ነበር። ላብ መሰለኝ።

ሰፈሩ ማሽላውን ለቅሶው ቤት ድረስ ይዞ መጣ። የተራመድከውን ያህል ብቻ ሳይሆን፣ ሐረር እንደገባህ ቆጥሮ። የበድሩ እናት አዴ ፋዱማ ከእማዬ አጠገብ አልተለየችም። በድሩ ግን ድንኳኑ ውስጥ አልገባም። ውጭ፣ የውሃው በርሜል ጋ ቆሞ አገኘሁት።

«ውሃ ነበረኝ» አለኝ።

«የት?»

«ቦርሳዬ ውስጥ። እናቴ ሼኹን ጠይቃ፣ መንገደኛ ይፈቀድለታል ብላ አስይዛኝ ነበር። ዳገቱ ስር ስንደርስ ላወጣው ነበር። አንድ ሹፌር ቆሞ ጀሪካን አወረደልን። ወንድምህ ምን አለው መሰለህ? ‹ጾመኞች ነን።› ‹ነን› አለ እኮ፣ አንተ ተሰማ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልጠጣ?»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ሲወድቅ አወጣሁት» አለኝ። «ሊውጥ አልቻለም። ሸሚዙ ላይ የፈሰሰው እሱ ነው።»

ሣህሉ፣ አንተ ለእሱ ብለህ፣ እሱ ለአንተ ብሎ፣ ውሃው መሃላችሁ ሆኖ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እቆጣው ነበር። ቁጣዬን ማን ላይ ላድርገው? ደግ መሆን ሰው ይገድላል ብሎ ያስተማረኝ የለም።

በድሩ ይህንን ለሌላ ለማንም አልተናገረም። አዴ ፋዱማ ግን ለእማዬ ስትነግራት ሰማሁ፤ ማታ ሰው ሁሉ ሲያፈጥር በድሩ ከንፈሩን ብቻ አርጥቦ ብርጭቆውን ይመልሳል። «ይኼኛውም ልጅሽ ሊሄድብን ነው» አለቻት።

ትናንት ድንኳኑ ፈረሰ፣ ዘመዶችም ተበተኑ። ዛሬ ጠዋት ስነቃ ብቻዬን ነበርኩ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ ወደ ትምህርት ቤት ግን አልሄድኩም። ኮዳህን ከሚስማሩ አወረድኩ። ለእማዬ ወዴት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ነገርኳት። ኮዳውን ከእጄ ወስዳ ሞላችውና ክዳኑን አጥብቃ ዘግታ መለሰችልኝ።

በድሩ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጧል።

«ተነስ» አልኩት። «ሐረር እንሄዳለን።»

«እየጾምኩ ነው።»

«መንገደኛ ይፈቀድለታል።»

አዴ ፋዱማ በሩን ተደግፋ ትሰማ ነበር። ወደ ውስጥ ገባችና ጫማውን ይዛ ወጣች። እግሩ ስር አስቀመጠችለት።

ዳገቱን አብረን ወጣነው። የወደቅህበትን መታጠፊያ በጣቱ አሳየኝ፤ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ኮዳህን ከፈትኩና እያየኝ መጀመሪያ እኔ ጠጣሁ። ከዚያ ዘረጋሁለት። በሁለት እጁ ይዞት ብዙ ቆየ።

ጠጣ።

ወንድምህ ተሰማ
ሐረር፣ ግንቦት 1977 ዓ.ም.