ለጤፌ አንገት ስለተመደበው ሰንሰለት

ለተከበሩ የሰፈራችን የውሻ ቁጥጥር አስተባባሪ፣
ፀዳ፣ ጎንደር

በቅድሚያ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤናን፣ በተለይም እንደ ልብ የሚሳብ ትንፋሽን እመኛለሁ። እኛ ደከም ከማለታችን በቀር ደህና ነን።

ውሻ ሁሉ አንገቱ በሰንሰለት እንዲታሰር፣ ያልታሰረውም ባለቤት እንደሌለው ተቆጥሮ እንዲወገድ የሚያዘውን ማስታወቂያ በራችን ላይ ስላስለጠፉልን አመሰግናለሁ። ያለ እርስዎ ጤፌ አደገኛ መሆኗን ሳናውቅ እንኖር ነበር። ጤፌ ቺዋዋ ከሚባለው የትንንሽ ውሾች ዝርያ ናት፤ ክብደቷ ከአንድ ዶሮ አይበልጥም። ያሳደገቻት ባለፈው ክረምት ያረፈችው እህቴ ብሌን ናት።

አቤቱታዬ እነሆ፦

፩. የዚህ ዝርያ የአየር ቧንቧ ልፍስፍስ ነው፤ አንገቷ ሲጎተት ይጣበቅና ያፍናታል። ብሌን ይህን ስለምታውቅ ከአሮጌ የትምህርት ቤት ሹራቧ በደረት የሚታሰር ማሰሪያ ሰፍታላት ነበር። የሰፈሩ ጥበቃ አያ ሐብተ ማርያም ግን «ምነው፣ ሹራብም ማሰሪያ ሆነ እንዴ?» ብለው ስቀው፣ ለበሬ የሚበቃ ሰንሰለት አምጥተውልናል። ልግስናዎን አንረሳም።

፪. ጥርሶቿ በጠባብ መንጋጋ ተጨናንቀው ይበላሻሉ፤ የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ቁርስ ካለፋት ትንቀጠቀጣለች። ይህን ሁሉ ቢሮዎን ሳናስቸግር ችለናል። ያቃተን ሰንሰለቱ ነው።

፫. በደንብ ከተያዘች እስከ አሥራ አምስት ዓመት ትኖራለች። ብሌን ይህን የሰማች ቀን «እንግዲያ እኔን ቀብራ ነው የምትሄደው!» ብላ ስቃ ነበር። ብሌንን የወሰዳት አስም ነው፤ ስትታፈን አጠገቧ ነበርኩ። ትናንት ጤፌ ሰንሰለቱ ላይ ሆና ስታስል፣ እናቴ ሳታስበው የብሌንን መድኃኒት ፍለጋ ወደ መሳቢያው ሮጠች። መሳቢያውን ከከፈተች በኋላ ነው የቆመችው።

ስለዚህ የደረት ማሰሪያው እንደ ማሰሪያ እንዲቆጠርልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ውሻዋ ባለቤት የላትም የሚባል ከሆነም፣ ባለቤቷ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ከዋርካው ሥር ስላለች ሄደው ሊጠይቋት ይችላሉ።

ማስታወቂያዎን በየጠዋቱ የሚያነብ፣ ሰንሰለትዎን ግን ከትምህርት ቤት ሲመለስ የሚፈታ፣
ማንያዘዋል ዳኛው
የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ መልስ ለመጻፍ አይቸኩሉ። ትንፋሿን ካልነካንባት ጤፌ አሥር ዓመት ያህል መጠበቅ ትችላለች። ሰንሰለቱን ግን ዛሬውኑ ያስወስዱልን፤ እናቴ ዳግመኛ ወደዚያ መሳቢያ እንድትሮጥ አልፈልግም።