መቅዘፊያው የተሰቀለበት ግድግዳ

ይድረስ ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፤

ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ሲበርድ የሚነሳብህ የጉልበት ሕመም ተሻለህ? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ባለፈው በስልክ "ደህና ነን" ብለህ ዘጋህብን፤ ደህና የሆነ ሰው እንዲህ አይቸኩልም። እኛ በሕይወት አለን። እሱም በስንት መከራ ነው፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

የሐይቅ ዳር ቅርስ ማኅበራችን አሮጌውን የዓሣ መጋዘን አድሶ የቅርስ ቤት እንዳደረገው ጽፌልህ ነበር። እኔ ዕቃ እወለውላለሁ፣ እሰቅላለሁ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጣው መምህር ነው፤ በነገሩ ሁሉ "ማስረጃው የታለ?" ስለሚል "ማስረጃ" እንለዋለን። ቅርስ መስታወት ውስጥ ከገባ ሞተ ባይ ነው። ሕዝቡ በእጁ ይዳስሰው ብሎ የኛን የላይኛውን ወደብ ዕቃ ባንድ ግድግዳ፣ የታችኛውን ትይዩ፣ ሁሉንም እጅ በሚደርስበት አሰቀለን። ለምርቃቱም ሁለቱንም ወደብ ባንድ ቀን ጠራ። ሁለት ባላንጣ ሰብስበን በየፊታቸው መሣሪያ እንዳቀረብንላቸው የገባን ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ከዕቃው መካከል መቅዘፊያህ አለ። አዎ፣ ያው ነው፤ ሁለቱ ወደቦች በተጣሉበት በመረቡ ጠብ ቀን የታችኛውን ወደብ ሰውዬ መትተህ የገደልክበት፣ አንተንም ካገር ያስወጣህ። ፖሊስ ጣቢያ ተጥሎ ኖሮ ባለፈው ለማኅበሩ ሰጡት። እንዳይሰቀል ለምኜ ነበር። ማስረጃ ግን "ከታሪክ የሚያምረው ብቻ ተመርጦ አይሰቀልም" አለኝና "በመረቡ ጠብ ሰው የሞተበት መቅዘፊያ" የሚል ካርድ ለጠፈበት።

በምርቃቱ ቀን የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ጀልባ ሠሪው፣ ካርዱን አነበበ። ደግሞ አነበበ። "የሞተበት? እንጨቱ በራሱ ተነስቶ ነው የመታው? የገዳዩ ስምስ?" አለና መቅዘፊያውን ነቅሎ አባባ ወደተቀመጠበት ሄደ። አባባ ብድግ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘም። የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር እኔ በር ላይ ሆኜ ሰማሁት። የአክስታችን ልጅ ከግድግዳው የዓሣ ጦር መዝዞ የጀልባ ሠሪውን ጭን ወጋው። ከዚያ ወዲያ ማን ማንን እንደሚመታ አልታወቀም፤ ግድግዳዎቹ ባዶ ቀሩ፣ በመልህቅ ድንጋይ የሰው ጥርስ ረገፈ። ማስረጃ መሃል ቆሞ "ኧረ ተዉ፣ ቅርስ ነው!" እያለ ሲጮህ አንዱ የአያቶቻችንን ዘመን የጀልባ ወንበር አናቱ ላይ ሰበረበት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን ደሙ አንሸራትቶ ጥሎኝ ወደ አባባ በጉልበቴ እየዳህኩ ነበር።

ጀልባ ሠሪው ጭኑ ደም እያፈሰሰ መቅዘፊያውን ለሁለተኛ ጊዜ አነሳ። አሁን የአባባን አናት ነበር ያለመው። እኔ አልደረስኩም። የደረሱት የሟቹ እናት ናቸው፤ አባባ ላይ ተደፉበትና ምቱ ክንዳቸው ላይ አረፈ። አንዱን ልጃቸውን የገደለው እንጨት፣ በሌላው ልጃቸው እጅ ክንዳቸውን ሰበረው። ልጅየው መቅዘፊያውን ጥሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሰዎች መቅዘፊያው ይቃጠል ሲሉ እሳቸው ወለሉ ላይ እንደተኙ ሰሙና "የልጄ ደም ያለበትን ማን ነው የሚያቃጥለው?" ብለው ተቆጡ። ተመልሶ ይሰቀል፣ ካርዱ ላይ ግን የልጃቸውም ያንተም ስም ይጻፍ አሉ። ያንተን ራስህ መጥተህ በገዛ እጅህ ትጽፈው ዘንድ ነው የሚፈልጉት። ያን ቀን በሩ ላይ ሊቀመጡ፣ ማንም እንዳይነካህ ሊከለክሉ ምለዋል። አዲሱ ካርድ ላይ የልጃቸው ስም ሰፍሯል፤ ከሥሩ ያለው መስመር ባዶ ነው። ጀልባ ሠሪው ግን አልነካውም ብሎ እስካሁን አልማለም። እያነከሰ ይመጣል፣ ባዶውን መስመር ያያል፣ ይሄዳል።

አባባ ና በይው ይላል። እማማ ዝር እንዳይል ትላለች። እኔ እፈራለሁ፤ ለምን እዋሽሃለሁ? ግን አባባ የተመታው ላንተ የታሰበውን ነው፤ ይህን ሳልነግርህ ብቀር አንጀቴ አይችልም።

በል ባለቤትህን እቀፍልኝ፣ የልጆቹን ጉንጭ አገላብጠህ ሳምልኝ። አባባ ትከሻው እንደታሰረ፣ እማማ እያለቀሰች፣ የአክስታችን ልጅ ከእስር ቤት፣ ማስረጃም ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሰላም ይሉሃል። የሟቹን እናት ልጠይቃቸው ሄጄ ደብዳቤ ልጽፍልህ መሆኔን ነገርኳቸው። ልወጣ ስነሳ ባልተሰበረው እጃቸው ያዙኝና "እኔም ሰላም ብያለሁ በይው" አሉኝ።

እህትህ

ከሐይቁ ዳር፣ ከመጋዘኑ ጓዳ
ግንቦት ፲፱ ቀን