ክዳኑን ማን ፈታው

ሰኞ

የሥራ ጓደኛዬ ሀፍቶም ዓይኑ ሳይጠፋ አይቀርም። ልጻፈው።

ዝናቡ ጀምሯል። ገበሬው ሁሉ የትራክተር ማረሻውን ይዞ የብረት ሥራ ወርሻችን በር ላይ ተኮልኩሏል። ለትንሹ ግራይንደር የሚሆነው የመቁረጫ ዲስክ ግን አልቋል፤ እዚህ ሱዳን ጦርነቱ ከተነሳ ወዲህ ዕቃ ከካርቱም አይመጣም። የወርሻው ባለቤት ሐጅ ኡመር የትልቁን ማሽን ዲስክ አምጥተው በትንሹ ግጠሙት አሉ። አልገባም። ስባሪ እንዳይፈናጠር የሚከልለው ክዳን ይዞታል።

«ክዳኑን ፍቱታ!»

«ሐጅ፣ ይሄ ያስፈራል» አልኳቸው።

«የፈራ ቤቱ ይተኛ» ብለው ወጡ።

ሀፍቶም ወደ እኔ አየና ፈታው። ያለችን አንዲት የመከላከያ መነጽር ተጫጭራ አታሳይም፤ ትቷት ጀመረ። እኔ ብረቱን ከጫፉ ይዤለት ነበር። ዲስኩ ብረቱ ውስጥ ተነከሰና ፈነዳ። ልክ እንደ ጥይት። ሀፍቶም ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይወርዳል።

«ማሩ፣ ጨለመብኝ» አለኝ።

ብየዳ የሚሠራው ሱዳናዊው ያሲን ሮጦ መጥቶ ራሱን ደገፈው። ሁሉንም አይቷል።

ማክሰኞ

ገዳሪፍ ሆስፒታል ዋልኩ። ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ስባሪ ገብቷል። ግራው አብጦ ተዘግቷል። ሐኪሟ ቀኙ እንደማይተርፍ፣ ካልወጣም ግራውን ሊጎዳ እንደሚችል ነገረችው። ስትሄድ፣ «ማረሻው ተቆረጠ?» አለኝ።

ቆይቶ ደግሞ፣ «ለለታይ ማን ይነግራታል?»

ለታይ ሚስቱ ናት፤ ከልጃቸው ጋር ቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ነው ያለችው።

«እኔ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

ረቡዕ

ያሲንንና እኔን ሐጅ ጠሩን። «ፖሊስ ይጠይቃችኋል። ክዳኑን የፈታው ሀፍቶም ነው፣ በገዛ እጁ። ውሸት ነው?»

ውሸት አይደለም። የከፋውም ይኸው ነው።

ያሲን መሬት መሬቱን ያያል። ሐጅ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ እንደ አባት በቀስታ፣ «አንተ ወረቀት የለህም፣ ማሩ። ከፖሊስ ጋር ብዙ ማውራት ለአንተ አይበጅም» አሉኝ።

ከሰዓት ሌላው ግራይንደር ላይ እንደዚያው ትልቅ ዲስክ፣ ያለ ክዳን፣ ተገጥሞ ቆየኝ። ማንሳት አቃተኝ። ወገቤን አሞኛል ብዬ የብረት ብናኝ ስጠርግ ዋልኩ።

ብናገር ሥራዬ ይቀራል። ይይዙኛል። ድንበር አሻግረው ወደ መተማ ይጠርዙኛል፤ ተኩስ የማያጣውን ያንን መንገድ ደግሞ ማን ይደፍረዋል? ዝም ብል ሀፍቶም በራሱ ጥፋት ታወረ ተብሎ ይቀራል።

ሐሙስ

ቱነይድባ። መኪናው ጭቃ ይዞት ወርደን ገፋን። ለታይን ራሽን ሰልፍ ላይ አገኘኋት። ገና ስታየኝ ከሰልፉ ወጣች።

«ሓቂ ንገረኒ። ሞይቱ?» አለችኝ፤ እውነቱን ንገረኝ፣ ሞቷል ወይ ማለቷ ነው።

«አልሞተም። ዓይኑን ነው።»

አላለቀሰችም። ተመልሳ ሰልፉ ውስጥ ገባች፤ ተራዋ ካለፈ ልጅቷ ምን ትበላለች? ዱቄቱን ተቀብላ ልጅቷን ለጎረቤት ሰጠችና ነጠላዋን አጥብቃ ተከተለችኝ። ወደ ከተማው ስንቃረብ፣ «ፍታው ያለው ማነው?» አለችኝ። ነገርኳት።

«እንግዲያ ለእኔ እንደነገርከኝ ንገራቸው።»

ዓርብ

ቀኙን አወጡት።

ፖሊሱ ሆስፒታል የመጣው ከሰዓት ነው። ሐጅም ብርቱካን ይዘው መጥተው ነበር። ፖሊሱ ክዳኑን ማን እንደፈታው ጠየቀ።

«እኔ» አለ ሀፍቶም፣ ፊቱ እንደታሰረ።

ሐጅ ተነፈሱ። ለታይ አየችኝ። ዓረብኛዬ ስብርብር ያለ ነው። «የፈታው እሱ ነው» አልኩ። «ፍቱት ያሉት ሐጅ ናቸው። አጠገባቸው ነበርኩ።»

ፖሊሱ ዞረ። «ወረቀትህስ?»

«የለኝም።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ወጣ። ሐጅ ብርቱካኑን አልጋው ሥር ወርወር አድርገው ተከተሉት። ሀፍቶም፣ «ምን አስለፈለፈህ?» አለኝ። ተቆጥቷል ወይስ አዝኖልኛል? ከፋሻው ሥር አይለይም።

ቅዳሜ

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢሆንም ወርሻ ሄድኩ። ሐጅ ከበር፣ «እንዳትገባ» አሉኝ።

ልብሴን ያሲን አወጣልኝ። ፖሊሱ ገና በጠዋት መጥቶ ክዳን የሌለውን ግራይንደር ከነትልቁ ዲስክ ወስዶታል።

«ስለ እኔ ጠየቀህ?»

«አልጠየቀም። ያየሁትን ጠየቀኝ።»

«ምን አልከው?»

«ያየሁትን፣ ወላሂ።» ይህን ብሎ ሐጅ ሳያዩት ቶሎ ገባ። ነገ እሱንም ያስወጡት ይሆናል። ላቅፈው ፈልጌ ነበር፤ አልደረስኩበትም።

ከዚያ ሆስፒታል። የግራው እብጠት ጎድሏል፤ ሐኪሟ ቀስ ብላ ከፈተችው። ሀፍቶም ደጋግሞ አርገበገበው። ለታይ ፊት ለፊቱ ቆማለች። ትኩር ብሎ አያት።

«ከስተሻል» አላት።

ያኔ ነው ያለቀሰችው።

እኔ ከግቢው በጓሮ በር ወጣሁ፤ በፊተኛው ፖሊስ ቆሟል። ሀዋታ በምትባል ከተማ ሥራ አለ ይላሉ። ሰኞ እሄዳለሁ፣ እስከዚያ ካልያዙኝ።