የ«ሰነፍ ማክሰኞ» አባት

ሰኞ

ፍሬ። ትልቁን አበባ ስዳስስ ጠጠር የመሰለ ነገር ጣቴን ወጋኝ፤ ፈልቅቄ ባየው የደረሰ ዝንጉርጉር ዘር ነው። ሁለተኛዋን ተክል አየሁ፤ እንደዚያው። ሦስተኛዋም።

ለማያውቅ ሰው ደስ ይላል፤ ተክለሽ አፈራልሽ። ካናቢስ ላይ ግን መርዶ ነው። ወንዱ ብናኙን ካልበተነባት ሴቷ ጉልበቷን ሁሉ አበባዋ ላይ ታውላለች፤ መድኃኒቱም ያ ነው። ካገኛት ግን ልጅ ማሳደግ ትጀምራለች፤ መድኃኒቱ ይሳሳል። (ስለ ትዳር እየጻፍኩ አይደለም።)

የሐኪም ወረቀቴ አራት ተክል ይፈቅድልኛል። አራት ዘራሁ፤ አንዱ ወንድ ወጣ፤ አበባው ሳይፈነዳ በፊት ነቅዬ የብስባሹ ክምር፣ ኮምፖስቱ ጎን ጣልኩት። ታዲያ ይሄ የማን ሥራ ነው?

እግሬ ነርቩ ሲነሳበት እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ይነዝራል። ባለፈው ዊንተር አንድ ወዳጄ ከሰጠችኝ ከዚህ ዓይነት በቀር ያስተኛኝ የለም። ሱቅ የሚሸጠው ራሴን ያዞረዋል፤ እግሬን ይረሳዋል።

ዘሩን የምታዳቅለው ደሴት ላይ የምትኖር አንዲት ሴትዮ ናት፤ በጋራዧ። ስሙን ፓኬቱ ላይ በእጇ ትጽፋለች፤ በአማርኛ «ሰነፍ ማክሰኞ» ማለት ነው። ኢሜይል ላክሁላት። «ዘርሽ ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ቆሻሻ ነው፤ አንድ ዊንተር ቀምተሽኛል» አልኳት። «ከአክብሮት ጋር» ብዬ ፈረምኩ።

ማክሰኞ

መልስ የለም። ቀኑ ማክሰኞ ስለሆነ ይሆናል።

ዛሬ በንዴት የፈጸምኳቸው፦ ሬኒየር ቢች ጣቢያ ላይ ባቡር አመለጠኝ፤ ሰደብኩት። በአጥሩ ቀዳዳ የጎረቤቴን ጓሮ ሰለልኩ። ያለው ቲማቲም ብቻ ነው። ቲማቲሙንም ጠረጠርኩት።

ጋሽ ዘለቀ፣ የእናቴ ወንድም፣ ጥር ላይ ከአገር ቤት ከመጡ ጀምሮ ታችኛው ክፍል ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት የግብርና ባለሙያ ነበሩ። «ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ጠቆረ?» አሉኝ።

«ተክሎቹ ታመሙብኝ።»

«ኧረ እንዲያውም አምሮባቸዋል!»

አምሮባቸዋል! ስለ ተክሉ የነገርኳቸው «የእግሬ መድኃኒት ነው» ብዬ ብቻ ነው። ስሙን በምን አፌ? ሰውዬው ቅዳሴ አያስታጉሉም።

ረቡዕ

አባትየው ተገኘ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ከጋሽ ዘለቀ መስኮት ሥር፣ በቀለም ባልዲ ተተክሎ። በዚያ በኩል ዳገት ስለሆነ እግሬ አይሄድልኝም። ዱላ ተደግፎ፣ በጋሼ አሮጌ ክራቫት ታስሮ ቆሟል። ደርቋል፤ ሥራውን ጨርሷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ወንዱ ነዋ። በስህተት ነቅለሽው አገኘሁት። ሥሩ ደህና ነበር።»

«በስህተት አልነበረም!»

«ታዲያ ያለ ወንድ ለከርሞ ምን ልትዘሪ ነው? በየዓመቱ ዘር የሚገዛ፣ እሱ ደግሞ ገበሬ ነው?»

ጮህኩ። በዚህ ዕድሜዬ በአጎቴ ላይ ጮህኩ። «ሐሺሽ ነው፣ ጋሼ! የሚፈለገው ፍሬ የሌለው ነው!»

የክራቫቱን ቋጠሮ አጠበቁ። «ሻሸመኔ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ገና ሁለት ቅጠል ሲያወጣ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነዋ። ግን እዚያ ወንዱን የሚነቅል ሰው አላየሁም።»

እኔ እሳቸው እንዳይደነግጡ፣ እሳቸው እኔ እንዳላፍር። ስምንት ወር በአንድ ጣሪያ ሥር ተከባበርን። ዕዳው እግሬ ላይ ወደቀ።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ጋሼን «ጨው» ብቻ አልኳቸው።

ለሴትዮዋ ይቅርታ ጻፍኩላት። በአማርኛ ቢሆን ሽማግሌ እልክ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር በቃ። አጎቴ ያደረጉትን ነገርኳት፤ «ጥፋቱ የእሳቸው ነው» አልኩ። መልሼ ሳነበው ግማሹ የኔ መሆኑን አየሁ። ይሄ ይበልጥ አናደደኝ። አላረምኩትም፤ ላክሁት።

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አድርገው፣ ትሪ ላይ ከአበባው ፍሬውን እንደ ምስር ይለቅማሉ። አላገዝኳቸውም። ለሩብ ሰዓት ያህል።

ዓርብ

መልስ መጣ። ስድቤን አላነሳችውም፤ ያ ራሱ ስድብ ነው። የካቲት ላይ ጋራዧ ሻጋታ ገብቶ የ«ሰነፍ ማክሰኞ»ን ዘር ጨርሶባታል። እኔ የገዛሁት የመጨረሻው ፓኬት ነበር። «እባክሽ አንዲት ፍሬ እንዳትጥዪ» ትላለች። «አጎትሽን አመስግኚልኝ።»

አነበብኩላቸው። «አላልኩሽም?» አላሉም። ቢሉ ይሻለኝ ነበር፤ የምጮህበት አገኝ ነበር። ፖስታ አስመጡኝና በዚያ በመሥሪያ ቤት ጽሕፈታቸው ጻፉበት፦ «እናት፦ ሰነፍ ማክሰኞ። አባት፦ ሰነፍ ማክሰኞ፣ ተጥሎ የተነሳ። ቦታ፦ ስካይዌይ።» ሰፈራችን ነው።

ንጹሑ አበባ ካሰብኩት ግማሹን አይሞላም። ምናልባት እስከ ገና ያደርሰኛል። ከገና ወዲያ ያለውን አላውቅም። አሁንም ተናድጃለሁ፤ ይመዝገብልኝ።

«ለከርሞ ሳልጠይቅሽ ወንዱን አልነካም» አሉኝ።

«እኔም ሳልነግርዎት አልነቅልም።»

ታረቅን ማለት ነው። እግሬ ግን አልተጠየቀም፤ አሁንም ይነዝራል።