እናት ብቻዋን ሽፋን ላይ ስላለመውጣቷ፤ ለሽፋን ኮሚቴው ሰብሳቢ

ለተከበሩት የመጽሔታችን የሽፋን ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ሽፋናችን ቀለም የደመቀ፣ ወገብዎ በስብሰባ ብዛት ያልተጎዳ፣ ዓይንዎም ቢጫ ጽሑፍ ቀይ ላይ ተጽፎ ለማየት ዛሬም ብርቱ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ለአንባቢዎቼ አንዲት ትንሽ ነውሬን ላውጋቸው፤ እርስዎም ቢሰሙ ግድ የለኝም። ለዓመታት ዓምድ የምጽፍበትን ይህን የፊልም መጽሔት ይዤ ታክሲ ስሳፈር ሽፋኑን ወደ ሆዴ አዙሬ ነው የማቅፈው። በቀደም አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «የምን መጽሔት ነው፣ ልጄ?» ቢሉኝ «የጤና» አልኳቸው። ጀርባው ላይ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ ስለነበረ አመኑኝ።

ይህን ደብዳቤ በዚሁ በመጽሔታችን ገጽ ሠላሳ አራት ላይ ለማውጣት የደፈርኩት የተከበረው ኮሚቴዎ ከሽፋኑ አልፎ ገልጦ እንደማያውቅ ስለማውቅ ነው። ዋና አዘጋጃችንም አንብቦ፣ «እኔ አላየሁም» ብሎ ፈርሞበታል። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ጭንቅላት። የተዋናዩ ጭንቅላት የመጽሔቱን ስም ሸፍኖ እንዲቀመጥ ስለወሰኑ አመሰግናለሁ። ኮከቡ ከመጽሔቱ እንደሚበልጥ ያሳያል ብለው አስረድተውናል። ታዲያ የአንዱ ጎፈሬ ሦስት ፊደል፣ የሌላው ባርኔጣ አራት ፊደል እየዋጠ፣ የሰፈራችን ጋዜጣ ሻጭ ስማችንን እስከ ዛሬ ባለማወቁ «ያ ጭንቅላታሙ መጥቷል!» እያለ ነው የሚሸጥልን።

ሁለተኛ፦ ስለ አቋቋም። የፍቅር ፊልም ከሆነ ሁለቱ ጀርባና ጀርባ ተደጋግፈው፣ በኩሽና የተጣሉ ተከራዮች ይመስል እጃቸውን አጣምረው እንዲቆሙ፤ ክፉው ሰው ከአገጩ በታች መብራት እንዲበራበት፤ ኮሜዲያን ደግሞ አፉን እንዲከፍት ስላዘዙ አንባቢን ፊልሙን ከማየት ድካም ገላግለውታል። አባቱን በቀበረ በሳምንቱ ስቱዲዮ የመጣውን ኮሜዲያን «ሰፋ! ትንሽ ሰፋ!» እያልን ያስከፈትነውን አፍ ያስታውሱት ይሆን? እኔ አስታውሰዋለሁ። «ሰፋ» ካሉት አንዷ ነበርኩ።

ሦስተኛ፦ ስለ እናቶች። እዚህ ላይ ቁጥሩን ትቼ ባወራዎ ይሻላል።

በሚቀጥለው ወር ሽፋናችን ላይ ሊወጡ ስለነበሩት እትዬ ነው የምጽፍልዎ። አንባቢዎቼ ስማቸውን ባያውቁ እንኳ ፊታቸውን ያውቁታል፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየፊልሙ እናት ሆነው ሠርተዋል። ስንቱን ጀግና ወልደዋል፣ ስንቱን አልቅሰው ቀብረዋል፤ መንገድ ላይ ጎረምሳው ሁሉ «እማዬ!» እያለ ነው የሚጠራቸው። ዘንድሮ ባወጡት ፊልም ግን ዋናዋ ባለታሪክ እሳቸው ናቸው፤ ሽፋኑ ይገባቸዋል ብዬ ስወተውት ከርሜ፣ ዋና አዘጋጁም እሺ ብሎኝ፣ «እትዬ፣ ብቻዎን ነው የሚወጡት» ብዬ በራሴ አፍ አበሰርኳቸው።

ፎቶ የተነሱ ዕለት እርስዎ አልነበሩም። እትዬ አንገቱ የተጠገነ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰው መጡ፤ «ይቀየር» ስንላቸው «ይኼን ለብሼ ነው ሥራ የጀመርኩት፣ አርፋችሁ አንሱኝ» አሉን። ፎቶ አንሺያችን መብራቷን አስተካክላ «ዝግጁ ነዎት፣ እትዬ?» ስትላቸው ግራና ቀኝ ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና «ማንን ልይ?» ብለው ጠየቁ። መጀመሪያ አልገባንም። ለካ በሠላሳ ዓመት ውስጥ በተነሱት ፖስተር ሁሉ ሲያዩ የኖሩት ልጃቸው ሆኖ የሚሠራውን ሰው ነው። ጀግናው አንባቢውን ያያል፣ እናት ጀግናውን ታያለች። ፎቶ አንሺያችን ቀስ ብላ «እኔን ይዩኝ፣ እትዬ» አለቻቸው። አዩዋት። ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሿን እንደያዘች ሄዳ ሁልጊዜ የሚጮኸውን የስቱዲዮውን ሬዲዮ ዘጋች።

ማክሰኞ ዕለት ያ ፎቶ የተከበረው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። እርስዎም ከወንበርዎ ተነሥተው፣ ከኋላዎ በመስታወት ፍሬም የተሰቀለውን «የሽፋን መመሪያ» በሁለት እጅ አውርደው፣ መነጽርዎን አድርገው ቁጥር ስድስትን አነበቡልን፦ «እናት ብቻዋን ሽፋን ላይ አትወጣም፤ ከወጣችም ልጇን ታያለች እንጂ አንባቢን አታይም።» ሕግ ሕግ ነው። በፊልሙ ልጃቸው ሆኖ ሦስት ትዕይንት ብቻ የሠራው ወጣት ሸሚዙን ከፍቶ መሐል ቆመ። እትዬ ከባርኮዱ አጠገብ፣ የጠርሙስ ክዳን በምታክል ክብ ውስጥ ገቡ፤ ያውም ከሌላ ፎቶ ተቆርጠው፣ ወደ ላይ ወደ ልጁ አገጭ እያዩ። በቢጫ «እናቱ ያለቀሰችለት ጀግና!!!» ተጻፈ። የቃለ አጋኖውን ቁጥር ከአራት ወደ ሦስት በመቀነስ ስላሳዩት ቁጥብነት ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

ክቡር ሰብሳቢ፣ እስካሁን የተሳለቅሁት በእርስዎ ነው፤ አሁን ተራው የእኔ ነው። ያን መመሪያ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የዛሬ ስድስት ዓመት አንጋፋው ገጽ አቀናባሪያችን ጡረታ ሲወጡ በሽኝታቸው ላይ ትንሽ ላስቃቸው ብዬ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያማርሩባቸው የኖሩትን የሽፋን ልማዶች ሁሉ በመንግሥት ሰርኩላር አማርኛ ተየብኳቸው። ጋሼ መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ በፕላስተር ለጥፈው ሄዱ። በሳምንቱ እርስዎ ተሾመው መጡ፤ አነበቡት፤ «መመሪያ ያለው ቢሮ በማግኘቴ ደስ ብሎኛል» ብለው ፍሬም እንዲገባ አዘዙ። እኛ ሳቅ እንዳያመልጠን በጠረጴዛ ሥር ተቆነጣጠጥን። የመጀመሪያውን ሳምንት ስላሳቀን ዝም አልን። በወሩ ስላሳፈረን ዝም አልን። በዓመቱ በዓመታዊ ሪፖርቱ ላይ «በመመሪያው መሠረት» የሚል ሐረግ ሳነብ ደግሞ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔው ግን ይኸው ነቀዘ። የፍሬሙ ጠርዝ የሸፈነውን የመጨረሻውን መስመር ገልጠው ቢያዩት እንዲህ ይላል፦ «ይህን የምር ያነበበ ሰው ካለ ቀዝቃዛ ውኃ ይሰጠው።»

ማክሰኞ ይህን ሁሉ ለመናገር አፌን ልከፍት ስል «የምትቃወሙ?» አሉ። ማንም እጁን አላወጣም። «የምትደግፉ?» ሲሉ በየተራ ወጣ፤ ፎቶ አንሺያችን በኮሚቴው ድምፅ ስለሌላት በሩ ላይ ቆማ እኔን ነበር የምታየው። እኔም የኮሚቴው አባል ነኝና አወጣሁ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል፤ ፊርማዬም አለበት።

በማግስቱ እትዬ ስልክ ደወሉ። «ልጄ፣ ለጋዜጣ ሻጩ ሃያ ቅጂ አስቀምጥልኝ ብዬዋለሁ። ያቺን ፎቶ ያነሳችኝ ልጅ በስልክ ልካልኝ አየኋት። እኔ መሆኔን እጠራጠራለሁ፣ ግን ወደድኳት» ብለው ሳቁ። ቀጥለውም «እህቴ ‹አንቺ ደግሞ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ እዚያ?› አለችኝ፤ እኔም ‹አያለሁ› አልኳት» አሉኝ። እኔ ምን መለስኩ? «እሺ እትዬ፣ ሁሉም ደህና ነው» አልኩ። በመጽሔታችን ታሪክ ከዚህ የባሰ የሽፋን ጽሑፍ አልተጻፈም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው እነሆ። የሚቀጥለው እትም ማተሚያ ቤት ለመግባት አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። ማክሰኞ የሰጠሁትን ድምፅ አንስቻለሁ፤ መመሪያውንም ደራሲዋ እንደመሆኔ ከቁጥር አንድ እስከ መጨረሻው ሽሬዋለሁ። እትዬ በሰማያዊ ቀሚሳቸው፣ ብቻቸውን፣ ፊት ለፊት እያዩን ይውጡ። ወጣቱም አይከፋው፤ ሸሚዙን ቆልፎ ለመምጣት ጊዜ ያገኛል።

ለስድስት ዓመት በጽናት ላስከበሩት ቀልዴ ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽኩ፣ ለከፍተኛ ማስተዋልዎ፣ ለማይናወጠው ብዕርዎና ለባለ ጎማው ወንበርዎ ያለኝን አክብሮት ዳግም አረጋግጣለሁ።

የማይሻር በደል የፈጸመች ታዛዥ ባልደረባዎ፣
የገጽ ሠላሳ አራት ዓምደኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን የሚያነብልዎ ሰው ካገኙ፣ ሊባረር የሚገባው ሰው ፍለጋ ብዙ እንዳይደክሙ ጠረጴዛዬ መስኮቱ ጋ ያለው ነው። ይህ እትም ገበያ ላይ የሚውለው ሰኞ ስለሆነ፣ እትዬ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ቅዳሜ ረፋድ ቤታቸው እሄዳለሁ። በሩን ከፍተው ካስገቡኝ ያሉኝን ቃል በቃል እዚሁ ገጽ ላይ እጽፍላችኋለሁ፤ ካላስገቡኝም ደረጃው ላይ ቆሜ የሰማሁትን እጽፋለሁ። ራሴን አሳምሬ እንዳላቀርብም ፎቶ አንሺያችን አብራኝ ትሄዳለች፤ «እኔ ቆሜ ሳይሽ ዋሽተሽ እንደሆነ እኔ ነኝ የምጽፈው» ብላኛለች።